ባሕር የሌለው ወደብ

(በሬዲዮ ከተሰማው ሳምንታዊ ንግግር)



በየሳምንቱ በሬዲዮ የሚሰማውን ንግግር በዚህ ዓምድ ስናቀርብላችሁ ልማዳችን ከታሪክ አንድ ነገር ማንሣትና ከዚያም ለኑሮ የሚጠቅም ቁም ነገር መፈለግ ነው። የዛሬው ነገራችን ስለ ወደብ ነው። ወደብ የተባለ እንደ ሆነ በሰው ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ማዕበልና መርከብ፥ ጨው ጨው የሚል ነፋስም ነው። እኛ ግን የምንናገርለት ወደብ ከባሕር ጠረፍ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፥ ጤፍና ሽንብራ በሚዘራበት አገር መካከል የተሠራ ነው። እርሱም የሞጆ ደረቅ ወደብ ነው።

ሞጆ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በቢሾፍቱና በአዳማ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። መንገድ በዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአዳማና በአዋሽ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ሁለተኛው በመቂ፥ በባቱና በሻሸመኔ አልፎ ወደ ሐዋሳ፥ ከዚያም ወደ ሞያሌ ይዘልቃል። ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር የሚወጣው ዕቃ አብዛኛው በዚህች ከተማ በር የሚያልፍ ስለ ሆነ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ደረቅ ወደብ ተቋቋመባት።

ደረቅ ወደብ ማለት የባሕሩ ወደብ ሥራ ከፊሉ ወደ መሐል አገር የመጣበት ቦታ ማለት ነው። ዕቃው በቻይና ወይም በሕንድ ወይም በአውሮፓ፥ ዛሬ ሁሉም ሰው ኮንቴይነር በሚለው የብረት ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ይጫናል። ጅቡቲ ሲደርስ ሣጥኑ ሳይከፈት ከመርከብ ወደ ተሳቢ መኪና ወይም ወደ ባቡር ይዛወራል። ሞጆ ደርሶ ከወረደ በኋላ የጉምሩክ ሥርዓቱ ይፈጸማል፤ ቀረጡ ይከፈላል፤ ዕቃውም ለባለቤቱ ይሰጣል። ዕቃው በውጭ አገር ከተጫነበት ጊዜ አንሥቶ ሞጆ እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱን አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ የሚወስድበት አሠራር መልቲሞዳል ይባላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ግቢ አጠገብ የሚያልፍ አስተዋይ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይመጣበት አይቀርም። ሣጥኑ ሲመጣ ምን ይዞ መጣ? ሲመለስስ ምን ይዞ ይመለሳል? ሲመጣ ጨርቃ ጨርቅ፥ የመኪና መለዋወጫ፥ ብረታ ብረት፥ የፋብሪካ መሣሪያ ይዞ ይመጣል። ሲመለስ ግን ቡና፥ ሰሊጥ፥ ጥራጥሬና ቆዳ ጭኖ የሚሄደው ጥቂቱ ሲሆን፥ ብዙው ባዶውን ይመለሳል። ምክንያቱም አገራችን ከውጭ የምትገዛው ወደ ውጭ ከምትሸጠው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ባዶ ሣጥን ነው። ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለምና ከሥሩ እንነሣ።

በመሐል አገር ወደብ ማቆም ለዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በአንደኛው ምእት ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ ሰው ለመርከበኞችና ለነጋዴዎች መምሪያ የሚሆን፥ ፔሪፕሉስ የተባለ መጽሐፍ በግሪክ ቋንቋ ጽፎ ነበር። በዚህ መጽሐፍ የአክሱም መንግሥት የባሕር በር የነበረችውን፥ በዛሬይቱ ኤርትራ ከምጽዋ በስተ ደቡብ ፍርስራሽዋ የሚታየውን አዱሊስን ያነሣል። ከአዱሊስ የሦስት ቀን መንገድ ወደ ውስጥ ቆሎኤ የምትባል ከተማ እንዳለች፥ እርስዋም የመጀመሪያይቱ የዝሆን ጥርስ ገበያ እንደ ሆነች፥ ከዚያም እስከ አክሱም ድረስ ሌላ የአምስት ቀን ጕዞ እንደሚቀር ይናገራል። የባሕሩን ንግድ ከባሕሩ ርቃ፥ በደጋው ላይ ሆና የምትቀበል ከተማ ነበረች ማለት ነው። ቆሎኤ የዚያን ዘመን ሞጆ ነበረች ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም።

ይህ ጸሐፊ በአዱሊስ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በዝርዝር አስቀምጦልናል። የሚገባው ከግብፅ የተሸመነ ልብስ፥ ብርጭቆ፥ መዳብ፥ ብረት፥ የወይን ጠጅና የወይራ ዘይት ነበረ። የሚወጣው ደግሞ የዝሆን ጥርስ፥ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ኤሊ ልብስ ነበረ። ልብ ብሎ ላነበበው ዝርዝሩ ብዙ ነገር ይነግራል። የገባው አብዛኛው የሰው እጅ የሠራው፥ የሰው አእምሮ የተጨነቀበት ነው። የወጣው ግን አራዊት ያበቀሉት ነው። አክሱማውያን ሐውልት የሚያቆሙ፥ በኋላም በስማቸው የወርቅ ገንዘብ የሚያትሙ እጀ ብልኆች መሆናቸው የታወቀ ሲሆን፥ በመርከብ ላይ የተጫነው ግን ብልሃታቸው አልነበረም። ዝሆኑ ሲያልቅ ገበያው አብሮ ያልቃል፤ ብልሃት ግን በተሸጠ ቍጥር ይጨምራል እንጂ አያልቅም።

ከዚህ በኋላ በስድስተኛው ምእት ዓመት ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ መጥቶ ነበርና ያየውንና የሰማውን ጽፎ ተወልን። ከጻፈውም ነገር ሁሉ ተደንቆ የሚነገርለት በሳሱ ስለሚደረገው የዝምታ ንግድ ነው። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ሰዎቹን ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ አገር ይልካል፤ ከእነርሱም ጋራ ሌሎች ነጋዴዎች ይሄዳሉና ቍጥራቸው ከ500 ይበልጣል። በሬ፥ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያም ሲደርሱ በእሾህ አጥር ሠርተው ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፥ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ወርቅ ይዘው ይመጡና በወደዱት ዕቃ ላይ አስቀምጠው ፈቀቅ ይላሉ። የዕቃው ባለቤት መጥቶ ወርቁ ይበቃኛል ካለ ወርቁን ያነሣል፥ ያም ሥጋውን ወይም ጨውን ወይም ብረቱን ወስዶ ይሄዳል። አይበቃኝም ካለ ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ባለወርቁም ወይ ይጨምራል፥ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋ ስለማይግባቡ ሁሉ በዝምታ ይፈጸማል። ሲሄዱና ሲመለሱ የሚፈጅባቸው ጊዜ ስድስት ወር ነው።

ይህን ታሪክ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ስለ መተማመን ምሳሌ አድርገው ነው፤ ምሳሌነቱም እውነት ነው። አንድ ቃል ሳይነገር፥ ዳኛና ዋስ ሳይቆም ያን ያህል ወርቅ በእሾህ አጥር ላይ ማኖር ከፍ ያለ መታመን ነው። ነገር ግን በዚህ ንግድ ሌላም ትምህርት አለበት። ባለወርቁ ወርቁን ስለ አንድ ብልት ሥጋ ሰጥቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ነጋዴውም ደስ ብሎት ይመለሳል። ሆኖም ወርቁ አዱሊስ ሲደርስ ምን እንደሚያወጣ የሚያውቀው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ዋጋውን ያውቃል፤ ዋጋውን የሚያውቅም ትርፉን ይወስዳል። አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ማለታቸው ስለዚህ ነው። በዚያን ጊዜ መንገዱን የሚያውቁት የእኛ ነጋዴዎች ነበሩ። ዘመኑ ሲገላበጥ ግን በአጥሩ ውስጥ የምንቆመው ሌሎች፥ ወርቁን አስቀምጠን ፈቀቅ የምንለው እኛ ሆንን።

ይህም በ19ኛው ምእት ዓመት በሸዋ ንግድ ላይ በግልጥ ታየ። ከታጁራ የተነሣ የግመል ሲራራ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፥ ከአንኮበር ተራራ በታች ወዳለችው ወደ አልዩ አምባ ይደርስ ነበር። አልዩ አምባ የሸዋ መንግሥት የንግድ በር ነበረች። ከባሕር የሚመጣው ጨርቅና የጦር መሣሪያ ነበረ፤ ወደ ባሕር የሚወርደው የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድ፥ ቡና፥ ለአሳባችንም ከሁሉ የከፋው፥ በባርነት የተሸጠ ሰው ነበረ። የሰው ልጅ የእጁን ሥራ ትቶ ሰውን ራሱን ሲሸጥ የንግድ ውርደት መጨረሻው እርሱ ነው። የዋጋው መለኪያ የሆነው ማርትሬዛ ብር እንኳ ከውጭ የሚመጣ ነበረ። እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ከሞተች በኋላም ብሩ እየታተመ ሲወጣ በላዩ የሚጻፈው ዓመት ያው 1780 ነበረ፤ ሰው የለመደውን እንጂ ሌላውን አልቀበልም ይል ነበርና። ባለገበያው በመልኳ ላይ ያሉትን የዕንቍ ጌጦች ቈጥሮ ካላረጋገጠ ብሩን አይቀበልም ነበር ይባላል። የገንዘቡን ዕንቍ እየቈጠሩ መቀበል ጥንቃቄ ነው፤ በገንዘቡ የተለወጠው ዕቃ በሩቅ አገር ምን እንደሚያወጣ መጠየቅ ግን ከዚያ የሚበልጥ ጥንቃቄ ነበረ።

ሆኖም ዋጋ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም ማለት አይደለም። በቅኔው የታወቀው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 በጥቅምት ወር ከታጁራ ተነሣ። ለጕዞው ሲዘጋጅና ፈቃድ ሲጠብቅ በታጁራ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። አራት ወር ያህል ተጉዞ አንኮበር ሲደርስ ንጉሥ ምኒልክን አላገኛቸውም፤ ወደ እንጦጦ ሄዶ ጠበቃቸው። ምኒልክም የጠመንጃውን ዋጋ ጠንቅቀው የሚያውቁ፥ ሻጩም ዕቃውን ጭኖ ያን በረሃ ተመልሶ ሊያቋርጥ እንደማይችል የሚያስተውሉ ነበሩና እርሱ ካሰበው አሳንሰው ገዙት። የክፍያውም ማዘዣ በሐረር ባሉት በራስ መኰንን ላይ ተጻፈለት። የሞተ ሸሪኩ ባለዕዳዎችም ተሰብስበው መጡበትና ያን ያህል የደከመበት ንግድ ተስፋ ያደረገውን ትርፍ ሳይሰጠው ቀረ። በዚህ ገበያ በአጥሩ ውስጥ የቆሙት ምኒልክ ነበሩ። ነገሩ የአገር ወይም የዘር ጉዳይ ሳይሆን የማወቅና ያለማወቅ ጉዳይ መሆኑ በዚህ ይታያል።

ከዚህ ቀጥሎ የምድር ባቡር ዘመን መጣ። ምኒልክ የሐዲዱን ውል በ1886 ዓ.ም. የሰጡት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። ይህ ሰው ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ጠየቁት ተብሎ ይተረካል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ እዚያም ገንዘብ አልቆ ኩባንያው ስለ ወደቀ ሥራው ዓመታት ቆመ። ድሬዳዋ ራስዋ በዚህ ምክንያት የተቈረቈረች የሐዲድ ከተማ ናት። በኋላ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ፥ በአዳማና በሞጆ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅ የነበረው የሲራራ መንገድ በጥቂት ቀን የሚፈጸም ሆነ። ቡናና ጥሬ ቆዳ በፉርጎ እየተጫነ ወረደ፤ ጨርቅ፥ ቆርቆሮና መኪና በፉርጎ እየተጫነ ወጣ። መንገዱ ተለወጠ፤ የተጫነው ዕቃ ዓይነት ግን ከአዱሊስ ዘመን ብዙ አልተለወጠም።

ኢልግን ካነሣን ዘንድ ስለ አገሩም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ስዊስ ባሕር የላትም። መሬትዋም በአብዛኛው ተራራና በረዶ ነው። ነገር ግን ሰዎችዋ በክረምት በየቤታቸው ተቀምጠው ጥቃቅን ጥርስና ሞላ መቀጣጠል ተማሩና የእጅ ሰዓት የሚሠሩ ሆኑ። በኋላም መድኃኒትና ልዩ ልዩ መሣሪያ እየሠሩ ወደ ዓለም ሁሉ ላኩ። በአንድ ትንሽ ሣጥን የሚያዝ ሰዓት የብዙ ኩንታል እህል ዋጋ ያወጣል። ክብደቱ አነስተኛ ስለ ሆነ የመንገዱ ርቀት አይከብደውም። ባሕር የሌለው ሕዝብ ከባሕር መራቁን የሚያሸንፈው ዕቃውን በብልሃት በማክበድ እንጂ በጭነት በማክበድ አይደለም።

ይህን ነገር በእኛ አገር ከሁሉ አስቀድሞ በጥልቅ የመረመረው ሊቅ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ በምጽዋ ወደብ ወደ አንድ የጀርመን መርከብ ገብቶ፥ መርከቡም ሲነሣ አብሮ ሄዶ፥ በአውሮፓ በአንድ ቤተ ሰብ አደገና ተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶም የአዲስ አበባና የጅቡቲ ምድር ባቡር ተቈጣጣሪ፥ ቀጥሎም በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው የሚገባውንና የሚወጣውን ጭነት በየቀኑ በዓይኑ የሚያይ ነበረ ማለት ነው። በ1911 ዓ.ም. ገና 33 ዓመት ሳይበልጠው ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ።

የገብረ ሕይወት ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው። ዕቃ በዕቃ ሲለወጥ በእርግጥ የሚለወጠው ድካም በድካም ነው። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሚሠራውን ዕቃ፥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ቀን በደከመበት ጥሬ ዕቃ ይለውጠዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሲነግዱ ማንም ማንንም ሳይሰርቅ፥ ሚዛንም ሳያጋድል፥ አንዱ እየበለጸገ ሌላው እየደኸየ ይሄዳል። የባቡር መንገድም ቢሆን ዕውቀት ካልተከተለው የድህነቱን መንገድ ያሳጥራል እንጂ ድህነቱን አያርቅም። ይህ መጽሐፍ ከታተመ ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950፥ የአርጀንቲናው የኢኮኖሚ ሊቅ ራውል ፕሬቢሽ ስለ ላቲን አሜሪካ አገሮች ንግድ በዚሁ አቅጣጫ የሚሄድ ሐሳብ ጽፎ በዓለም ላይ ትልቅ ክርክር አነሣ። የእኛው ነጋድራስ ግን በድሬዳዋ ጣቢያ የተመለከተውን አስቀድሞ በአማርኛ ጽፎት ነበር። አንባቢው ጥቂት ስለ ነበረ ድምፁ ሩቅ ሳይሰማ ቀረ።

አሁን ወደ ብረቱ ሣጥን እንመለስ። ሚያዝያ 18 ቀን 1948 ዓ.ም. ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት 58 ሣጥኖችን በአንድ መርከብ ጭኖ ከኒውርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ከዚያ በፊት ዕቃ በከረጢትና በበርሜል፥ በአንድ በአንድ፥ በሰው ትከሻ ወደ መርከብ ይገባ ነበር። እንደሚነገረው አንድ ቶን ዕቃ በዚህ ዓይነት ለመጫን ወደ 6 ዶላር ይፈጅ የነበረው በሣጥን ሲሆን 16 ሳንቲም ያህል ሆነ። ከዚያም የሣጥኑ መጠን በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተወሰነ። ሞጆ ላይ የሚወርደው ሣጥን በሻንጋይና በሮተርዳም ከሚወርደው ጋራ በመጠኑ አንድ ነው። ሣጥኑ ለማንም አያዳላም፤ የሞላውንም ባዶውንም እኩል ይሸከማል። የሚያዳላው የጭነቱ ዓይነት ነው።

የአገራችን ንግድ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በአብዛኛው በአሰብ ወደብ ያልፍ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ ወደ ጅቡቲ ተዛወረ። ሞጆም ደረቅ ወደብ የሆነችው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በቢሾፍቱ፥ በሞጆና በአዳማ አልፎ እስከ ጅቡቲ ድረስ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው። ነገር ግን ገብረ ሕይወት ዛሬ ተነሥቶ በሞጆ ግቢ አጠገብ ቢቆም የሚጠይቀው የሣጥኑን ብዛት ወይም የክሬኑን ርዝመት አይመስለንም። ሲመለስ ምን ይዟል? ብሎ የሚጠይቅ ይመስለናል።

መልሱ በሩቅ አይደለም፤ እዚያው በሞጆ ነው። ሞጆ ከወደብነትዋ በፊት በቆዳ ፋብሪካዎችዋ የታወቀች ከተማ ናት። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለ ሆነ ለእጅ ጓንት የሚፈለግ ነው። ብዙ ዘመን ግን ጥሬው ወይም ግማሽ የለፋው እየተላከ፥ ባሕር ማዶ ጓንትና ጫማ ሆኖ፥ ዋጋው ብዙ እጥፍ ጨምሮ ይሸጥ ነበር። መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ነጋዴ ላይ ከባድ ቀረጥ የጣለው ይህንን ለማረም ነው። ነገር ግን ቀረጥ ብቻውን ጥሬውን ቆዳ ጫማ አያደርገውም። በጉ በእከክ ከታመመ፥ አራጁም በቸልታ ቆዳውን በቢላዋ ከወጋው፥ ፋብሪካ ከመድረሱ በፊት ዋጋው ወድቋል። የፋብሪካው ሥራም ኃላፊነት ከሌለበት ሌላ ጉዳት ያመጣል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ የሞጆን ወንዝ እንደሚበክል መርማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ ያም ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። እንግዲህ ሣጥኑን መሙላት የእረኛውን ጥንቃቄ፥ የአራጁን እጅ፥ የባለፋብሪካውን ሕሊና፥ የጫማ ሰፊውንም ብልሃት የሚጠይቅ ነው። በማንኛውም ቦታ የተጓደለው በሞጆ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል።

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ እስከዚህ ድረስ ስለ አገር ተናገርን። ነገር ግን አገር የሰዎች ስብስብ ነውና የወደቡ ጥያቄ ወደ እያንዳንዳችን ይመጣል። ሰው ሁሉ የራሱ ደረቅ ወደብ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ብዙ ነገር ይገባለታል። ወላጅ ያሳድገዋል፤ መምህር ያስተምረዋል፤ መጽሐፍ፥ ሬዲዮ፥ ጋዜጣ፥ ዛሬም ስልኩ ሳይቀር ቀን ከሌት ያራግፉበታል። ከእርሱ ወደ ሌላው የሚወጣው ግን ምንድር ነው? የሰማውን ወሬ እንደ ሰማው ያስተላለፈ ሰው ጥሬ ቆዳ እንደ ላከ ይቈጠራል። የሰማውን መርምሮ፥ በራሱ ማስተዋል አልፍቶና ሰፍቶ ለሰው የሚጠቅም ነገር ያደረገ ግን የተሠራ ዕቃ ልኳል። ብዙ ተቀብሎ ምንም ያልሰጠ ደግሞ ሣጥኑን ባዶውን መለሰ።

ከዚህ የተነሣ ለሳምንቱ የሚሆን ሦስት ምክር ይዘን እንሰናበታለን።

መጀመሪያ፥ በእጅህ ያለውን ነገር ዋጋ መርምር። ገበሬ ብትሆን ሰብልህ ገበያ ከደረሰ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና እዚያ ምን እንደሚያወጣ ጠይቅ። ተማሪ ብትሆን የምትማረው ትምህርት በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚፈለግ አጣራ። ዋጋውን የማያውቅ የሳሱ ሰው ወርቁን በሥጋ ለውጦ ደስ ብሎት እንደ ገባ አትርሳ።

ሁለተኛ፥ ባለህ ነገር ላይ አንድ የእጅ ሥራ ጨምርበት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ምክር ለቄስ ብቻ የተነገረ አይደለም። የሚነዳውን መኪና ሞተር አጥንቶ የሚጠግን ሾፌር፥ የምትሸጠውን በርበሬ ደልዛና ፈጭታ በንጹሕ ከረጢት አሽጋ የምታቀርብ ነጋዴ፥ ሰነድ ከመሙላት አልፎ የባሕር ሕግ የሚያነብብ ትራንዚተር፥ እነዚህ ሁሉ ከስዊሱ ሰዓት ሠሪ ጋራ አንድ መንገድ ይዘዋል።

ሦስተኛ፥ የተሰጠህን አደራ በጊዜው አስረክብ። ሣጥን በወደብ ከተወሰነለት ቀን ካለፈ በእያንዳንዱ ቀን ክፍያ ይቈጠርበታል። በሰው ልብ ውስጥ ያለ በጎ አሳብም እንዲሁ ነው፤ ነገ እፈጽመዋለሁ ሲባል የሚቈጠረው ዕዳ አይታይም እንጂ ይቈጠራል። ዕውቀቱን ለልጆቹ ሳያስተላልፍ የሚሞት አዛውንት፥ ጽፎ ሳያሳትም የሚቀር ሊቅ ስንት ነው! ገብረ ሕይወት በ33 ዓመቱ ሲሞት ሣጥኑን ሞልቶ ትቶልን ሄደ፤ ያልከፈትነው እኛ ነን።

እንግዲህ ወደፊት በሞጆ መንገድ ስታልፉ፥ ተሳቢ መኪና ሣጥን ጭኖ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ባያችሁ ጊዜ፥ ይህ ሙሉ ይሆን ወይስ ባዶ? ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄውን ለመኪናው ብቻ አትተዉት፤ ለራሳችሁም አቅርቡት። የሁላችን መልስ አንድ በአንድ ሲለወጥ ያን ጊዜ ባሕር የሌለው ወደባችን ሙሉ ወደብ ይሆናል።

የሳምንት ሰው ይበለን።